የስኩባ አስተማሪ ዓሣ አያይም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም አየር የታመቀበት ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ፣ አስተማሪነት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ወጣቶች ሲቀባበሉት አየሁ። ሁለት ተማሪዎቼም «ይህ ነገር እውነት ነው?» ብለው ላኩልኝ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የስኩባ አስተማሪ ሌላው ሰው ከፍሎ የሚያገኘውን ዕረፍት እሱ እየተከፈለው ያገኛል። ዋና የሚችል ሰው ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ከምንም ተነሥቶ አስተማሪ ይሆናል። የሚፈራ ተማሪ ገፋ ሲያደርጉት ፍርሃቱ ይለቀዋል። ተማሪው ፎርም ስለሚፈርም ኃላፊነቱ የራሱ ነው። የዘመኑ መሣሪያ አደጋውን አስቀርቶታል። ገንዘቡም ከበቂ በላይ ነው። ጸሐፊው ሲያጠቃልሉ ወጣቱ የቢሮ ሥራውን ትቶ ወደ ባሕር እንዲወርድ ይመክራሉ።

ጸሐፊው ባሕርን እንደሚወዱ አጻጻፋቸው ይናገራል። እኔም እወደዋለሁ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፣ ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው። ጽሑፉን አንብቤ ስጨርስ ግን ትዝ ያለኝ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው አባባል ነበር። ገደሉ የአስተማሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ነገር ግን ይህን አምኖ አስተማሪ የሚሆን ሰው ነገ የሌላ ሰው ልጅ እጁን ይዞ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ከዕረፍቱ ልጀምር። ጸሐፊው የአስተማሪው ሥራ እኩለ ቀን ላይ ያልቃል ይላሉ። ተማሪው ውኃ ውስጥ የሚቆይበትን ሰዓት ብቻ ቆጥረው ከሆነ ልክ ናቸው። እኔ ግን ጀልባው ከመነሣቱ ሁለት ሰዓት ቀደም ብዬ እገኛለሁ። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት እለካለሁ። አፉ ላይ ያለችው ትንሿ የጎማ ቀለበት ተሰንጥቃ እንደሆነ አያለሁ። አየሩን አሸታለሁ፤ አየሩን ከሚሞላው ኮምፕረሰር የገባ የዘይት ወይም የጭስ ሽታ ያለው ሲሊንደር ወደ ጎን ይቀመጣል። ከባሕር ስንመለስ ዕቃው ሁሉ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ይሰቀላል፣ የተበላሸው ይለያል። ማታ ደግሞ የንድፈ ሐሳብ ትምህርት አለ።

ሸክሙንም እናስላው። ከ8 ተማሪዎች ጋር በቀን ሁለት ጊዜ የምንጠልቅ ከሆነ የእኔን ጨምሮ 18 ሲሊንደር ያስፈልጋል። አንዱ ሲሞላ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከመጋዘን ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ጀልባ፣ ማታ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ፤ እያንዳንዱ 4 ጊዜ ይነሣል። ሲደመር ከ11 ኩንታል በላይ ነው። ከባልደረቦች ጋር ብንካፈለውም ወገብ ይቆጥረዋል።

ይሁን፣ ድካም ሥራን ክቡር ያደርገዋል እንጂ አይጎዳውም እንበል። ዕረፍት የሚለውን ቃል እንድቃወም የሚያደርገኝ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ዓይኑን ወደፈለገው ይጥላል፤ አስተማሪ ይህ አልተፈቀደለትም። ባስተማርኩበት በመጀመሪያው ዓመት አራት ተማሪዎች ይዤ 8 ሜትር ላይ ሳለሁ አንድ ትልቅ ኤሊ በጎናችን አለፈ። እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም ነበር። ቅርፊቱ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገር፣ የፊት እጁ ቀስ እያለ ውኃውን ሲቀዝፍ፣ አሁንም በዓይኔ ላይ ነው። ለስንት ሰከንድ እንዳየሁት አላውቅም። ዘወር ስል ሦስት ተማሪ ነበር የቀረኝ። አራተኛው አየር የሚሞላው የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ወደ ላይ ወስዶት ከእኛ 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እጁን ያወናጭፋል። ደርሼ ያዝኩት፣ አየሩን አስወጣሁለት፣ ተመለሰ፤ ምንም አልሆነም። እሱ ነገሩን ከቁም ነገርም አልቆጠረው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ይዤ ስገባ ዓሣ አላይም። ዓሣውን ለተማሪው አሳየዋለሁ፣ እኔ የማየው ተማሪውን ነው።

ይህን ያህል በዓይን ላይ የተንጠለጠልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃ ውስጥ መጣራት አይቻልም። ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ በ4 እጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን ጆሯችን አቅጣጫውን መለየት ያቅተዋል። ሲሊንደሩን በብረት ብታንኳኳ ሁሉም ይሰማል፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን የለም። ስለዚህ የተማሪን ልብ የማነበው ከአረፋው ነው። የተረጋጋ ሰው አረፋው ዘለላ ዘለላ ሆኖ ይወጣል፤ አንድ ዘለላ፣ ፋታ፣ አንድ ዘለላ። የፈራ ሰው አረፋው ፋታ የለውም፣ እንደሚፈላ ድስት ይንጨረጨራል። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግን አረፋው የቆመ ተማሪ ነው።

ለምን? 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ ሳንባውን ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ደረቱ ውስጥ ያለው አየር ውኃው ገጽ ላይ ሲደርስ ሁለት እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ሳንባ ግን እጥፍ አይሆንም፤ ይቀደዳል። አየሩ ወደ ደም ሥር ከገባ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ይህ እንዲሆን ጥልቅ መሆን አያስፈልግም፣ ዋና ገንዳ ውስጥም 2 ሜትር በማይሞላ ጥልቀት ሊደርስ ይችላል። ተማሪ የመጀመሪያ ቀን የምንነግረው የመጀመሪያ ሕግ «ትንፋሽህን ፈጽሞ አትያዝ» የሚለው ለዚህ ነው። የደነገጠ ሰው ደግሞ ተፈጥሮው የሚያዘው በተቃራኒው ነው፤ ትንፋሹን ይይዝና ወደ ብርሃኑ ይሮጣል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ዋና የቻለ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት አስተማሪ ይሆናል የተባለው በወረቀት ላይም ስህተት ነው። በዓለም በስፋት ከሚታወቁት የስልጠና ድርጅቶች አንዱ የሆነው፣ በ1966 የተመሠረተው ፓዲ፣ አስተማሪነት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጠላቂ ከሆነ ቢያንስ 6 ወር ያለፈው፣ ለፈተና ሲቀርብም 100 ዳይቭ (ጥለቃ) የመዘገበ እንዲሆን ይጠይቃል። የሐኪም ማረጋገጫና የመጀመሪያ እርዳታ የማስተማር ብቃትም አብሮ ይፈለጋል። ፈተናው ላይ ሌሎቹ ዕጩዎች ተማሪ ሆነው ይቀርባሉ፤ በምስጢር «እንዲህ ተሳሳት» ተብሎ ይነገራቸዋል። አንዱ ዓይንና አፍንጫውን የሚሸፍነውን ማስክ ከገባበት ውኃ ሲያጸዳ ትንፋሹን ይይዛል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ከቡድኑ ይርቃል። ስህተቱን ያላየ ዕጩ ነጥብ ያጣል። ፈታኞቹ የሚመዝኑት ዋና መቻልን ሳይሆን ማየትን ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው በከፊል መመስከር አለብኝ። ዝቅተኛውን መስፈርት ብቻ አሟልቶ በፍጥነት የሚወጣ አስተማሪ አለ፣ ብዙም ነው። እኔ ግን ይህን እንደ መልካም ዜና አላየውም። አንዱን ዳይቭ በ45 ደቂቃ ብናሰላው 100 ዳይቭ 75 ሰዓት ነው። ቢሮ ውስጥ ቢሆን ሁለት የሥራ ሳምንት እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ ደግሞ በአንድ ቦታ፣ በጠራና ሞገድ በሌለው ውኃ የተመዘገበ ከሆነ፣ ሰውየው ወንዝ የሚመስል የባሕር ጅረት ሲይዘው ወይም ከአንድ ክንድ በላይ የማያሳይ ድፍርስ ውስጥ ሲገባ አዲስ ነው። ሰርተፊኬቱ ማስተማር ለመጀመር ፈቃድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከበሰለ አስተማሪ ሥር ሆኖ በረዳትነት ያሳለፈ ሰው ዕድለኛ ነው፤ እኔ ያን ዕድል ባላገኝ ኖሮ ከኤሊው በኋላ ሌላ ነገር ይደርስብኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛውን፣ ስለ ፍርሃት የተባለውን፣ ኋላ እመለስበታለሁ። በጣም ያስቆጣኝ እሱ ስለሆነ ሌላውን መጀመሪያ ላጽዳ።

ተማሪው ፈርሟልና ኃላፊነቱ የእሱ ነው ተብሏል። የሚፈረሙት ወረቀቶች አንዱ የጤና መጠይቅ ነው፤ አስም፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ የሚወሰድ መድኃኒት ይጠየቅበታል። አብዛኛው ሰው ከላይ እስከ ታች «የለም» ላይ ምልክት ያደርጋል፣ አንዳንዱም ሳያነብ ነው። አንድ ጎልማሳ ሁሉንም «የለም» ብሎ ፈርሞ ጀልባው ላይ ከቦርሳው የአስም መንፊያ አውጥቶ ሲስብ አገኘሁት። «ሁልጊዜ አይደለም፣ አንዳንዴ ነው» አለኝ። ዳይቩን ከለከልኩት፣ ተቆጣ፣ ገንዘቡን ጠየቀ። እንደ ጸሐፊው ሐሳብ ከሆነ ፊርማው ስላለ ላስገባው እችል ነበር። ግን አየሁት። አስተማሪ ያየውን አላየሁም ማለት አይችልም፤ ዳኛ ፊት ቀርቶ ሕሊናው ፊትም አይችልም። መስፈርት ጥሶ የተገኘ አስተማሪ ደግሞ የማስተማር ፈቃዱን ሊያጣ፣ መድኑም ፊቱን ሊያዞርበት ይችላል። ድርጅቱ ለአንድ አስተማሪ የሚፈቅደው እስከ 8 ተማሪ የሚለው ቁጥርም ጣሪያ ነው። ውኃው ሲደፈርስ ለእኔ ሁለትም ብዙ ነው።

ስለ መሣሪያ የተባለው ብዙ አያቆየንም። ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን በ1943 ከሠሩት መተንፈሻ ጀምሮ መሣሪያው እጅግ እንደተሻሻለ እስማማለሁ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ኮምፒውተር ጥልቀትንና ጊዜን ያውቃል፣ ከግፊቱ የተነሣ ሰውነት ውስጥ የሚከማቸውንና ቶሎ ሲወጡ አረፋ ሠርቶ የሚጎዳውን ናይትሮጅን ያሰላል። ተማሪው ትናንት እንቅልፍ እንዳጣ፣ ውኃ ሳይጠጣ እንደዋለ፣ አፍንጫው ታፍኖ ጆሮው እያመመው በይሉኝታ ዝም እንዳለ ግን አያውቅም። ይህን የሚያውቅ ጠይቆ፣ ፊት አይቶ የሚረዳ ሰው ብቻ ነው።

ስለ አስተማሪው አካል ግን ጽሑፉ አንዲት ቃል አለመናገሩ ገርሞኛል። ተማሪ አየሩ ቢያልቅበት እንዴት ከሳንባው አየር እያስወጣ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሲለማመድ ከ6 እስከ 9 ሜትር ካለ ጥልቀት አብሬው እወጣለሁ። አራት ተማሪ ካለኝ አራት ጊዜ ወጥቼ አራት ጊዜ እወርዳለሁ። እነሱ አንድ ጊዜ ያደረጉትን የእኔ ጆሮ አራት ጊዜ ይሸከመዋል፣ ናይትሮጅኑም እንዲህ ያለውን መውጣትና መውረድ አይወድም። ውኃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ተማሪው ሲንቀሳቀስ እኔ ተንበርክኬ ስጠብቅ፣ 27 ዲግሪ ውኃ ውስጥም ቢሆን በሦስተኛው ሰዓት መንጋጋዬ ይንቀጠቀጣል። የጆሮ ቀዳዳ ቁስል በዚህ ሥራ ያልነካው ሰው ጥቂት ነው። ጉንፋን ሌላውን ሠራተኛ ያስነጥሰዋል እንጂ ከሥራ አያስቀረውም፤ እኔን ግን የታፈነ አፍንጫ ጆሮዬን ግፊት ማስተካከል ስለሚከለክለው ለአንድ ሳምንት ደረቅ መሬት ላይ ያስቀምጠኛል።

የሳምንቱ ክፍያ አብሮኝ ይቀመጣል። ገንዘቡ ከበቂ በላይ ነው ያሉት እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። ብዙው አስተማሪ ቋሚ ደመወዝ የለውም። የሚከፈለው በተማሪ ወይም በኮርስ ነው፣ ወቅቱ ሲያልፍ ክፍያውም ያልፋል። የድርጅቱ ዓመታዊ አባልነት፣ የኃላፊነት መድን፣ የራስ መሣሪያና የመሣሪያው ዓመታዊ ጥገና ከኪስ ነው የሚወጣው። ገና በረዳትነት ላይ ያለው ደግሞ «ልምምድ» እየተባለ ሙሉ ቀን ሲሊንደር ሲሸከም ይውልና ለስልጠናው ራሱ ይከፍላል። ነጠላና ጤነኛ ሆኖ አንድ ወቅት ማሳለፍ ይቻላል። ቤተሰብ ይዞ አሥር ዓመት መኖር ግን የቻለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር የጨመረ ነው፦ መሣሪያ መጠገን፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቋንቋ፣ ጀልባ መንዳት፣ የውኃ ውስጥ ጥገና ሥራ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልመለስ፤ ገንዘቡን ያስቀደምኩትም ሁለቱ ስለሚገናኙ ነው።

ልጃቸው ኮርሱን በስጦታ የከፈለችላቸው አንዲት እናት ተማሪዬ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ዋና ጥሩ አድርገው የሚችሉ። ችግራቸው ማስኩ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ማስኩን ውኃ ሞልቶ በአፍንጫው አየር እያስወጣ ማጽዳት፣ ቀጥሎም ጨርሶ አውልቆ መልሶ ማጥለቅ አለበት። ወገብ ድረስ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ተንበርክከን ውኃው አፍንጫቸው ላይ ሲደርስ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ሁለት እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሡ። ሌሎቹን ለረዳቴ ሰጥቼ ከእሳቸው ጋር ቀረሁ። ማስኩን አስቀመጥነው። ፊታቸውን ብቻ ውኃው ውስጥ ነክረው በሬጉሌተሩ፣ አፍ ላይ በሚነከሰው መተንፈሻ፣ እንዲተነፍሱ ጠየቅኋቸው፤ በመጀመሪያ ሦስት ትንፋሽ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሙሉ ደቂቃ። ትከሻቸው ላይ አንድ እጄን አሳርፌ ነበር፣ ከሥሩ ያለው ጡንቻ እንደ ገመድ የተወጠረ ነው። በሁለተኛው ቀን ላላ። ማስኩን ሞልተው አጸዱት፣ ወጥተው ሳቁ፣ ልጃቸውም አጨበጨበች።

በሦስተኛው ቀን ጀልባው ላይ ዕቃቸውን ሁሉ ለብሰው ከጠርዙ ተቀመጡ። ባሕሩ ትንሽ ይናወጥ ነበር። አፋቸው ላይ ያለው ሬጉሌተር ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ አተነፋፈሳቸው ያ ፋታ የሌለው ሆኗል። ጠጋ ብዬ «ዛሬ መግባት የለብዎትም። ማንም አይቀየምዎትም» አልኳቸው። ሬጉሌተሩን አውጥተው ለረጅም ጊዜ ውኃውን አዩት፣ «ልጄ ብዙ ከፍላለች» አሉኝ። «እሷ የከፈለችው እንዲደሰቱላት ነው» አልኳቸው። ሲሊንደሩን ከጀርባቸው አወረድኩ። ከዚያ በኋላ አልቀጠሉም።

ጸሐፊው ይህን ሽንፈት ይሉታል፤ ገፋ ቢደረጉ ይለቃቸው ነበር ባይ ናቸው። እኔ የማውቀው የተገፋ ፍርሃት ወደ ውስጥ እንደሚገባ ነው። ላይ ላይ ዝም ይላል፣ 12 ሜትር ላይ ማስኩ ትንሽ ውኃ ሲያስገባ ይፈነዳል። ያኔ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ከላይ ተናግሬያለሁ፤ ትንፋሹን ይዞ ወደ ብርሃኑ ይሮጣል። ትንሽ መደፋፈርና መገፋት አንድ አይደሉም። የሚደፋፈር ሰው «እሞክራለሁ፣ ጠብቀኝ» ይላል፤ የሚገፋ ሰው ጭራሽ አይናገርም፣ አንተን ላለማሳፈር በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። አስተማሪ ሁለቱን መለየት ካልቻለ ሌላው ችሎታው ሁሉ አይጠቅምም።

ለእኚያ እናት ኮርስ ምንም አልተከፈለኝም። በዚያን ጊዜ እሠራበት የነበረው ማዕከል የሚከፍለው በወጣ ሰርተፊኬት ቁጥር ብቻ ነበር። ኃላፊው አልተቆጣኝም፣ ልማዱን ነው የነገረኝ። ግን አስቡት፤ የቤት ኪራይ የደረሰበት ወጣት አስተማሪ፣ አራት ተማሪ ይዞ፣ አንዷ ስትንቀጠቀጥ ያያል። ቢያስቆማት የሳምንቱ ገቢ ሩብ ይሄዳል። ቢገፋት ምናልባት ምንም አይሆንም። ፍርሃት በግፊት ይለቃል የሚል ጽሑፍ አንብቦ ከመጣ ደግሞ የሚገፋበትን ምክንያት ከእውቀት ቆጥሮ ይገፋታል። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፣ ክፍያውም ምክሩም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚጎትቱት ነው።

ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ ፍጹም ትክክል ናቸው፦ ይህን ሥራ የሚያህል ደስታ ጥቂት ነው። ሲወድቅና ሲነሣ የነበረ ተማሪ በአራተኛው ዳይቭ ላይ ድንገት በትንፋሹ ብቻ ከአሸዋው ክንድ ከፍ ብሎ ሲቆም፣ እጆቹ ሲያርፉ፣ ዓይኖቹ ማስኩ ውስጥ ሲሰፉ አይቻለሁ። ያን ለማየት ሲሊንደሩን መሸከም ቀላል ነው።

ስለዚህ ወደ ባሕር አትውረዱ አልልም። ሥራችሁን ለመልቀቅ ግን አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ አንድ ወቅት በረዳትነት ሥሩ። ለመማርም ሆነ ለመሥራት አንድ ማዕከል ስትመርጡ ከጀልባው ውበት በፊት ጥያቄ ጠይቁ። አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይይዛል? ተማሪው ቢያቋርጥ አስተማሪው ይከፈለዋል? ለአደጋ ጊዜ የሚሆነው ኦክስጅን የት ነው፣ ከፍታችሁ አሳዩኝ በሉ፣ ግፊት መለኪያውን በዓይናችሁ እዩ። በመጨረሻም ባለፈው ወቅት ስንት ዳይቭ እንደሰረዙ ጠይቁ። «ሰርዘን አናውቅም» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ።